ግዌንዳ ባሌስትራ ስትቀይር

ግዌንዳና ባሏ ክላይቭ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ተጎታች ቤታቸውን ይዘው አውስትራሊያን ይዞራሉ። እኛም እንደነሱ ተጓዦች ነን፤ በየዓመቱ ሴዱና በምትባል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ካለው ማረፊያ እንገናኛለን። ባለፈው መስከረም ሲደርሱ ቤቲቱ ወደ ግራ ዘመም ብላለች፤ ጎማው ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ ሲፍቅ ነው የመጣው።

"ድንጋይሽ ነው" አላት ክላይቭ። ግዌንዳ በሄደችበት ሁሉ የሚያምር ድንጋይ ትለቅማለች።

"ድንጋዬን ተወው። ቤቲቱን የተሸከመው ባሌስትራ ነው የደከመው።"

ድንጋዩ በሙሉ ወረደ፤ ቤቲቱ ግን እንደዘመመች ቀረች። ክላይቭ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ መፍቻ አልጨብጥ ብሎታል፤ ይህን ላለመናገር ነው በድንጋዩ ያላከከው። ግዌንዳ ገብቷታል። ለሁለቱም ጎን አዲስ ባሌስትራ ገዝታ መጣች፤ ቤቲቱን በክሪክ አንስታ፣ ከሥሯ ድጋፍ አስገብታ፣ ካርቶን አነጠፈችና ተንጋለለች።

"ና ቁጭ በልና ንገረኝ።"

"ምኑን?"

"የቱን ብሎን ልፍታ?"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መጀመሪያ እያጉረመረመ ነበር የሚያሳያት፤ በኋላ ሞቀውና ድምፁ እኛ ጋ ድረስ ይሰማ ጀመር።

"ወደ ግራ አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ።"

"በጀርባዬ ተኝቼ የማን ግራ ነው የምትለኝ?"

እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ምሳ ሳይደርስ ቤቲቱ ቀጥ ብላ ቆመች። ሻይ ስንጠጣ አንዱ ጎረቤት "ጎበዝ ክላይቭ፣ አሁንም እጅህ ወርቅ ነው" አለው።

"እጄስ ከድቶኛል" አለ ክላይቭ፣ የሚንቀጠቀጠውን ጣቱን እያሳየ። "የሠራችው እሷ ናት።"

ስለ እጁ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።