ደመወዝ የማያውቃት ወር

መንግሥት በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል። ዓመቱ ግን አሥራ ሦስት ወር ነው። ይህን ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን የሒሳብ መምህርት ሆኜ ዘነጋሁት።

ነገሩን ላስረዳ። ለገንዘብ ቤት ወር ማለት ሠላሳ ቀን ነው። ጳጉሜ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች ከወር አትቆጠርም፤ ደመወዝም የላትም። ስለዚህ የነሐሴን ደመወዝ የተቀበለ ሠራተኛ ቀጣዩን የሚያየው መስከረም ሲያልቅ ነው። በመሐል እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ደብተርና ጫማ አለ። ወጪ በሚበዛበት ጊዜ ቀኑ ይረዝማል። በገንዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» የሚል የቱሪስት ፖስተር ተለጥፎ ነበር። እኛ ከሥሩ ተሰልፈን ለአሥራ ሁለቱ ወር እንፈርማለን።

ያን ዓመት አዲስ ተጋብተን ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ደመወዙ ከእኔም ያንሳል። የግቢው ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትሩ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ ዓመት ሲቃረብ የተከራይ በር እያንኳኩ «እንግዲህ ልጆቼ፣ ዘመን ተለወጠ» ይላሉ። ትርጉሙ ኪራይ ጨመረ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታችን ውስጥ የመምህራን የቤት ሥራ ማኅበር ሊቋቋም ነው ተባለ። መጀመሪያ ስሰማ ለተማሪ የምሰጠው የቤት ሥራ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። ቁም ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሃያ አራት መምህራን ተደራጅተው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር በዝግ ሒሳብ ካስገቡ፣ ከተማው የቤት መሥሪያ ቦታ ይሰጣል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በዓመቱ፣ አዲስ ዓመት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያን ቀን ያላሟላ ስሙ ተሠርዞ ተጠባባቂ ይገባበታል። እኔ ተራ ቁጥሬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ተጠባባቂዎቹ በርካታ ነበሩ።

አንድ ሺህ ስምንት መቶ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል መቶ ሃምሳ ነው። ማታውኑ በካሬ ደብተር ላይ አሥራ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠራሁ። ካለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየለጠፍኩ ፖስታዎች አዘጋጀሁ፤ ለኪራይ፣ ለጤፍ፣ ለጋዝ፣ ለእድር፣ ለወላጆቻችን ለምንልከው። የየዕለቱ ወጪ ደግሞ ሠላሳ ትንንሽ ፖስታ ነበረው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ስምንት ብር። በአንዳንዱ ጀርባ ላይ «የሦስት ማዕዘኑን ስፋት ፈልግ» የሚል ይነበባል። መቶ ሃምሳው ግን ፖስታ አልነበረውም። ደመወዝ በተቀበልን ዕለት፣ ኪራይም ጤፍም ሳይነሣ፣ እንደ አሥራት ቀድሞ ይወጣና ባንክ ይገባል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ቆሞ አየና «እሺ፣ ዩኒት ሊደር» አለኝ፤ የትምህርት ቤቱን የተማሪ ተቆጣጣሪ ማለቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ስሜ እሱ ሆነ።

ከቤት ይልቅ የከበደኝ መምህራን ክፍል ነበር። ደመወዝ በተከፈለ ቀን ሐይቁ ዳር ወርዶ አሳ መብላት ልማዳችን ነው። ችግሩ መብላቱ አይደለም፤ አከፋፈሉ ነው። ሒሳብ ሲመጣ ሁሉም ይነሣል፤ አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፣ «በሞቴ!»፣ «እኔ እያለሁማ አይሆንም!» ይባላል። በመጨረሻ አንዱ የሁሉንም ይከፍላል። በሚቀጥለው ወር ሌላው። ማንም አልጻፈውም እንጂ እቁብ ነው፤ ልዩነቱ የሚደርስህ ዕጣ ሳይሆን ዕዳ መሆኑ ነው። የኔ ተራ ሲደርስ የአንድ ወር መቶ ሃምሳዬ እንዳለ ይሄዳል።

በኅዳር ሒሳቡ ሲመጣ የኔን ድርሻ አስልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ የስፖርት መምህሩ።

«የበላሁት።»

እሱ ብሩን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «አንሺ እባክሽ። እኛ ሆቴል ቤት የተገናኘን እንግዶች ነን እንዴ?»

«አላነሣም።»

«ውይ! ለካ ቋጣሪ ነሽ።»

በማግሥቱ ወደ መምህራን ክፍል ስገባ «ቋጣሪዋ መጣች» አሉ። ቃሉ ለዓመት ያህል ተለጥፎብኝ ከረመ። ቃል ሲለጠፍብኝ ደግሞ መመርመር እወዳለሁ። ገንዘብ በመቀነት ጫፍ ይቋጠራል፤ ስድቡ የመጣው ከዚያ ነው። ቂምም ይቋጠራል። ግን ስንቅም ይቋጠራል፤ ለመንገዱ ስንቅ ስለቋጠረ የተሰደበ መንገደኛ የለም። ይህን ለስፖርት መምህሩ ነገርኩት።

«እና የት ልትሄጂ ነው?» አለ።

«ቤቴ።»

«ቤትሽማ እዚሁ አዲስ ከተማ አይደለም እንዴ?»

«እሱ የእትዬ ቤት ነው።»

በታኅሣሥም አሳ ቤት ሄድኩ። መቅረት ቀላል ነበር፤ ግን ብቀር አፈረች ይባላል። በላሁ፣ የራሴን ከፈልኩ፣ ደህና ዋሉ ብዬ ተነሣሁ። በጥርም እንደዚያው። ሚያዝያ ላይ አንዲት የባዮሎጂ መምህርት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና በሹክሹክታ «የኔ ስንት ይመጣል?» አለችኝ። አሰላሁላት።

እንዲህ እያልን ነሐሴ ደረስን። በነሐሴ ሠላሳ ፈርሜ ስቀበል ገንዘብ ያዡ ብሩን አቀበለኝና «መልካም አዲስ ዓመት፣ መምህርት። እንግዲህ በሠላሳ ስድስት ቀን እንገናኛለን» አለኝ።

«በሠላሳ» ልለው አፌን ከፍቼ እዚያው ዘጋሁት። የካሬ ደብተሩ ዓይኔ ላይ መጣ። አሥራ ሁለት ዓምድ። ባለፈው ዓመት ጳጉሜን የበላሁት ወላጆቼ ቤት ነበር፤ ሳላገባ። የራሴን ጳጉሜ በልቼ አላውቅም። ያ ዓመት ደግሞ የሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበት።

መቶ ሃምሳውን ባንክ አስገብቼ ቤት ገባሁ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶው ሞላ። ለባለቤቴ ነገርኩት። ሠላሳዎቹን ፖስታዎች አልጋው ላይ ደረደርናቸው። ሁለት መቶ አርባ ብር ለሠላሳ ስድስት ቀን፤ ለቀን ስድስት ብር ከስልሳ ስድስት ሳንቲም። ሃያ አራት ሳንቲም ይተርፋል።

«ሃያ አራቱን ሳንቲም ለበዓል እናድርገዋ» አለ።

«አትቀልድ።»

«እሺ፣ ከባንኩ አርባ ብር እናውጣ። መስከረም ሲያልቅ እንተካለን።»

«የሚሰበሰበው መስከረም ሳያልቅ ነው።»

«እንበደር።»

«ከማን? ቋጣሪ ከሚሉኝ?»

«እንግዲያው ጳጉሜን እንዝለላት። መንግሥት ከዘለላት እኛ ምን ቤት ነን?»

ሳቅን። ከዚያ ግን ደብተሩን ገልጬ አሥራ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ።

ሥጋና ቅቤ ቀረ። ዘይትም ቀረ ማለት ይቻላል፤ ጋዝ ለመቆጠብ በሁለት ቀን አንዴ ነበር የምናበስለው። ጤፉ የተሸመተው ለሠላሳ ቀን ስለነበር ከቡሹሎ በኩል ከምትመጣ ሴት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ መግዛት ጀመርን። እኔ ደጋ ያደግሁ ነኝ፤ ቆጮ በድግስ ላይ እንጂ በቤቴ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ በራችን ላይ እንደ መምህር ቆማ ውኃውን እንዴት እንደምጨምቅ፣ ብረት ምጣዱን ምን ያህል እንደማግል በእጇ አሳየችኝ። መጀመሪያ የጋገርኩትን አይታ በሲዳምኛ አንድ ነገር አለችና ሳቀች። ምን እንዳለች አልጠየቅኩም። ሁለተኛው ግን ጥሩ ወጣ፤ ከጎመን ጋር ያጠግባል።

ጳጉሜ ሁለት ላይ እትዬ በረንዳችን ላይ ቆሙ። «እናንተ ልጆች፣ ቅቤም ሥጋም አልሸተተኝም። ጳጉሜን እየጾማችሁ ነው እንዴ?»

የጳጉሜ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ብዙ ሰው አይጾመውም። እትዬ ይጾሙታል። ባለቤቴ ቀድሞኝ «አዎ፣ እትዬ» አላቸው።

ፊታቸው በራ። በማግሥቱ ሩፋኤል ነበር። ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ይዘውት የመጡትን ጠበል ለኛም አመጡልን። ለእንግዶቻቸው ሲናገሩ በግድግዳው በኩል ይሰማል፦ «ወጣት ሆነው እኮ ነው። ዛሬ ማን ይጾመዋል?» ባለቤቴ አልጋው ላይ ተጋድሞ ትራሱን ፊቱ ላይ አደረገ።

ጳጉሜ አራት ላይ በራችንን አንኳኩ። «ዘመን ተለወጠ» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «ለሌሎቹ ሃያ ሃያ ብር ጨምሬያለሁ። ለናንተ አልጨምርም። የሚጾም ሰው ያለበት ግቢ በረከት አለው» አሉ።

ባለቤቴ እጄን ያዝ አደረገኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ሃያ ብር ለኛ ሦስት ቀን ነው። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ውሸቱን እንኳ እኔ አልተናገርኩትም።

ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ አሳ ቤት በግልጽ የከፈልኩትን በጓሮ ልሸሽገው ነው? ጾም ነው ካልኩ፣ ቁጠባዬ የሚያሳፍር ነው ብዬ ራሴ መስክሬያለሁ ማለት ነው።

«እትዬ፣ እየጾምን አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

«ጳጉሜ ደመወዝ የላትም። ለቤት መሥሪያ ቦታ የምንከፍለው ገንዘብ አለን። እሱን ላለመንካት ነው እንዲህ የምንበላው።»

«ባልሽ አዎ አለኝ እኮ።»

«ዋሽቶዎታል።»

ባለቤቴ ወደ ጫማው ተመለከተ። እትዬ ነጠላቸውን ሰበሰብ አደረጉ። «ለእግዜር ሲራቡ ጾም ይባላል። ለብር ሲራቡ ምን ይባላል፣ መምህርት?»

«ቁጠባ ይባላል።»

«ኪራዩ መቶ ብር ሆኗል» አሉና ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ ባለቤቴ «የአንቺ እውነት በወር ሃያ ብር ታስወጣለች» አለ።

«ያንተ ውሸት ደግሞ ሌላ ዓመትም ጳጉሜን ታስጾመናለች።»

አኮረፈ። እኔ ግን ደብተሩን አወጣሁ። የቀረው ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ብር ገደማ፣ ሃያው ሲቀነስ፣ ለሠላሳ ሁለት ቀን፤ ለቀን ስድስት ብር ከአራት ሳንቲም። ይቻላል። ቁጥሩን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየውና «አራቷን ሳንቲም ተያት፣ ለቁጥር አትመችም» አለ። መታረቁ ነው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ከየቤቱ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። እኛ ቆጮና ጎመን፣ ለበዓሉ ብለን ትንሽ አይብ ጨምረን በላን። በሬን አልዘጋሁም። የሚያልፍ ሰው ያያል፤ ይየው። ከሰዓት በኋላ እትዬ ራሳቸው በሳሕን ዶሮ ወጥ ይዘው መጡ። «ይህ ለቋጣሪ አይደለም። ለጎረቤት ነው» አሉ። ቃሉ እሳቸውም ዘንድ መድረሱ ገረመኝ። ተቀብዬ አመሰገንኩ፤ በልተን ጨረስነው። የሰጡትን መብላት ሌላ፣ የሌለንን ማስመሰል ሌላ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ገንዘቡን ከባንክ ደብተሬ ወደ ማኅበሩ ዝግ ሒሳብ አዛወርኩ። ከሃያ አራቱ ሦስቱ ሳያሟሉ ቀርተው ተጠባባቂ ተተካባቸው። የስፖርት መምህሩ ከሁላችን ቀድሞ ከፍሎ ነበር፤ ያን ሁሉ አሳ እየጋበዘ እንዴት እንደቻለ እስካሁን አላውቅም። የኔም ስም ከነተራ ቁጥሩ እንዳለ ነበር። ደረሰኙን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አውጥቼ አየሁት።

እትዬ የግቢው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ከየት ነው?» አሉኝ። ደረሰኙን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እና መቼ ነው ቤቴን የምትለቂው?»

«ቦታው ሲሰጠን።»

«እሱማ ዓመታት ይፈጃል፣ ልጄ። እኔም በየዓመቱ እጨምራለሁ።»

«ይጨምሩ፣ እትዬ።»

ደረሰኙን መለሱልኝ። እኔ ወደ ክፍሌ ገብቼ የአዲሱን ዓመት ሠንጠረዥ ማስመር ጀመርኩ፤ አሥራ ሦስት ዓምድ።