የፋቂው ቡፌ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰልባጅ ተራ አንድ ጥንድ ጥቁር የወንድ የቆዳ ጫማ ገዝቼ ማራኪ ሰፈር ወደተከራየናት ክፍል ይዤ ገባሁ። አፍንጫው ቀጠን ያለ፣ ባለማሰሪያ፣ የድሮ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ያደርጉት የነበረ ዓይነት ሲሆን፣ ለብዙ ዓመት እግር ሳያገባ ከመቀመጡ የተነሳ እንደ ቋንጣ ደርቋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ቅርጹ እንዲመለስ ጋዜጣ ጠቅጥቄበት፣ ሰምና የኑግ ዘይት አቅልጬ ጥላሸት ጨመርኩበትና መቀባት ስጀምር ሽታው ጠባቧን ክፍል ሞላት። አብራኝ የምትማረውና የምትኖረው የመካነ ብርሃኗ ልጅ ስንዱ ከደብተሯ ቀና ብላ፣ «ምነው አንቺ፣ ሴት ልጅ የማታውቀውን ሰውዬ ጫማ ትቀባለች?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጠጋ ብላ አየችውና፣ «ሸጋ ጫማ ነበር ግን» አለች። ሽታው አዲስ ዓለም ሰፈር፣ አባባ ቤት አድርሶኝ ነበር።

አባባ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሱቁን ከአባቱ፣ አባቱም ከአባቱ ተቀብለውታል፤ ሰፈሩም «አያ ሙሄ» እያለ ሜትሩንና መቀሱን አምኖ ከእሱ ይገዛ ነበር። ልቡ ያለው ግን ጨርቁ ላይ አልነበረም። ሰልባጅ ሲራገፍ ቀድሞ ደርሶ ከጆንያው ሥር አሮጌ የወንድ ጫማ ይፈልጋል፤ ባል የሞተባት ሴት ቤት ለቅሶ ሲደርስ እንኳ ዓይኑ አልጋ ሥር ይሄድ እንደነበር እናቴ ትምልበታለች። ሌላው ሰው ቤት ብርጭቆና ሰሃን የሚደረደርበት ባለመስታወት ቡፌ እኛ ቤት ጫማ ነበረበት፤ ከላይ እስከ ታች፣ ጥንድ ጥንዱን፣ አፍንጫቸውን ወደ እንግዳው አዙረው። ሁሉም ስም ነበራቸው። ሰፊው ቡናማ «ዳኛው» ነበር። ሶሉ ከሥር ምንም ያልተነካው፣ ምናልባት አንድ ቀን ብቻ የተደረገው ነጭና ጥቁር «ሙሽራው» ይባል ነበር። እማ የቡፌውን አቧራ ስትጠርግ፣ «ሠላሳ ወንድ ያለበት ቤት ነው ያገባሁት» እያለች ታማርር ነበር፤ ግን አንዱንም ከቦታው አዛብታ አታውቅም።

ከአስር ሶላት በኋላ አባባ ደጃፉ ላይ ዝቅተኛ በርጩማ ይዞ ይቀመጣል። እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ። ያረጀውን ክር በወስፌ ይፈታል፣ በሰም የታሸ አዲስ ክር ያስገባል፣ ጫማውን ፎርማ የሚሉት የእንጨት እግር ላይ ወጥሮ ያሳድረዋል፤ በመጨረሻም የሶሉን ጠርዝ በብርጭቆ ስባሪ ቀስ አድርጎ ይፍቀዋል። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ድመት ምንጣፍ ስትቧጥጥ ይመስላል። እግረ መንገዱንም ያስተምረኛል። «ሰው ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን አስተካክሎ ነው» ይለኝ ነበር፤ «ታኮውን የሚያይለት ግን ከኋላው የሚሄደው ነው።»

እኛ ሀገር ቆዳ የሚሠራን ሰው ፋቂ ይሉታል። ቃሉ የሙያ ስም ይመስላል እንጂ ስድብ ነው፤ ሰዉ እሱ የሠራውን ተጫምቶ ይሄዳል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። አባባ ነጋዴ ስለነበር ፊት ለፊት የሚለው አልነበረም። እኔን ግን ትምህርት ቤት «የፋቂው ልጅ» ይሉኝ ነበር። መምህር ደስ ካላለው እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ስለነበርኩ ይህን ለማንም ሳልነግር ዋጥኩት።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ታላቅ እህቴን ፎዚያን ለመጠየቅ ሽማግሌ መጣ። ልጁ አብዱ ይባላል፤ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ይሸጥ ነበር፣ ፎዚያም ስሙ ሲነሳ ሻርፗን ታስተካክል ነበር። አባቱ ሐጂ ኑሩ ግን ስም ያላቸው፣ ቃላቸው የሚፈራ ሰው ነበሩ። ስለዚህ በዋዜማው እማ አንድ ነገር ለመነች፤ ቡፌው ላይ አልጋ ልብስ ይጣልበት፣ መዶሻና ወስፌውም አልጋ ሥር ይግቡ። አባባም፣ «ለአንድ ቀን ነው» አለና ጨርቁን በአንድ ጫፍ ይዞ አብሯት ዘረጋው።

ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ በኋላ መጡ፣ ጫማቸውን ደጃፍ አውልቀው ገቡ። ጎረምሳው ድመታችን ጫማዎቹን እንዳይቧጥጥ እንድጠብቅ እኔን ውጭ ተዉኝ። ከስምንቱ ጥንድ አንዱ ጥሩ ቡናማ ቆዳ ነበር፤ የግራው ታኮ ግን በውጭ በኩል ተበልቶ ጫማውን አንጋዶታል። የማን እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ሐጂ ሲገቡ በዚያው በኩል ዘመም እያሉ ነበር። እንግዳው ደስ ካላቸው ሠርጉ ይፈጥናል ብዬ አሰብኩ። በጓዳ በር ገብቼ ከአልጋው ሥር ጉጠት አወጣሁ፣ ታኮውን ይዤ ታገልኩና ነቀልኩት። ከዚያ በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ታኮ መንቀል እችል ነበር፣ አዲሱን መትቼ መግጠም ግን ገና አልተማርኩም ነበር።

ውስጥ ነገሩ አምሮ ኖሮ ዱዓ ተደርጎ ወጡ። ሐጂ መፋቂያቸውን በጥርሳቸው እንደያዙ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈለጉ። አንዱ ቦታው ላይ ነበር። ሌላው እኔ ጭን ላይ፣ ያለ ታኮ። እማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባባ፣ የልጅ ነገር ነው፣ ይቅርታ፣ አሁኑኑ ከመንገድ ጫማ ሰፊ እንጠራለን ማለት ይችል ነበር፤ ሁሉም የጠበቀው ያንን ነው። እሱ ግን ተመልሶ ገባ፣ መዶሻ፣ ምስማር፣ አዲስ ታኮና የብርጭቆ ስባሪውን ይዞ ወጣ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ጫማውን በጉልበቶቹ መሃል ያዘው። አዲሱን ታኮ በሦስት ምት አስቀመጠ። ከዚያ የብርጭቆ ስባሪውን አንስቶ ጠርዙን መፋቅ ጀመረ።

«አያ ሙሄ፣ እጅህ ለካ ያውቃል» አሉ ሽምግልናውን የመሩት አያ ይማም፣ ነገሩን ወደ ጨዋታ ሊወስዱት።

ሐጂ ኑሩ በካልሲ ቆመዋል። «ሲያወሩ ሰምቼ አላመንኩም ነበር» አሉ። «የነጋዴ ልጅ ሆነህ፣ ፋቂ ሆነህ ቀረህ?»

አባባ ቀና አላለም። «ሐጂ፣ እርስዎም ከመጡ ጀምሮ እየፋቁ ነው» አለ። «እርስዎ ጥርስዎን፣ እኔ ታኮዎን።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አያ ይማም ግድግዳ እስኪደገፉ ድረስ ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። መፋቂያውን ከአፋቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ፣ ጫማውን ተጫሙ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሲመጡ ከነበሩት ይበልጥ ቀጥ ብለው። ከዚያ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ወጡ። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ መዶሻውን ይቅር ይሉት ነበር። ቀልዱን ነው ያልቻሉት።

በሦስተኛው ቀን አያ ይማም ብቻቸውን መጡ። መልእክቱ አጭር ነበር። አያ ሙሄ ሐጂ ቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ያ ቡፌም ከቤት ይውጣ፤ ልጃቸው የፋቂ አማች እንዲባል አይፈልጉም። አያ ይማም ገና ሳይጨርሱ እማ፣ «ይወጣል» አለች። አባባ ግን ፎዚያን ጠርቶ ፊቱ አስቀመጣት። እኔ በሩ ጥግ ነበርኩ። «ይውጣ ካልሽ ዛሬ ይወጣል» አላት፣ «ሁለተኛም ወስፌ አልነካም። ቅር አይለኝም።» ይህን ሲል ድምፁ እንደወትሮው ነበር፤ እጁ ግን ጉልበቱን ጨብጦ ነበር።

ፎዚያ ወደ አያ ይማም ዞራ፣ «አብዱስ ምን አለ?» አለች።

«እሱማ አባቱ ፊት ምን ይላል፣ ልጄ፣ ዝም አለ።»

«እንግዲያው ዝም ማለቱን ሰማሁ በሉልኝ» አለች። «ቡፌው አይወጣም።»

እማ አለቀሰች። አባባ ተነስቶ አልጋ ልብሱን ከቡፌው ላይ ገፈፈው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አልተሸፈነም። ፎዚያ ግን ክረምቱን ሙሉ አላናገረችኝም። ዳቦ ስታቀብለኝ እንኳ ሳህኑን መሃላችን አስቀምጣ ትሄድ ነበር። አብዱ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አገባ። ፎዚያ አይከል ወደምትባል ከተማ አስተማሪ ሆና ሄደች፣ እስካሁንም እዚያው ብቻዋን ትኖራለች።

አባባ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። እማ ጫማዎቹን ሰደቃ አድርጋ ለሰፈሩ ወንዶች አከፋፈለቻቸው፤ ለሟች ነፍስ ነውና ምን እላለሁ። አሁን ከተማው ውስጥ አልፎ አልፎ አያቸዋለሁ። «ሙሽራው» በዝናብ ቀን ጭቃ ውስጥ ሲያልፍ አይቻለሁ። «ዳኛውን» ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ የሚነዳ ሰውዬ ተረከዙን ረግጦ እንደ ሸበጥ አድርጎት አየሁትና መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ቡፌው ውስጥ አሁን ብርጭቆ አለ።

እማ በዚህ ሰሞን ደወለችልኝ፤ ወስፌ መያዜን ሰው ነግሯታል። «ይህ ሥራ አንዷን ልጄን ያለ ትዳር አስቀርቶብኛል፣ አንቺንም ሊያስቀርብኝ ነው?» አለች። እኔ እሺ ማለት የማይከብደኝ ሰው ነኝ፤ ለመምህሩም፣ ለአከራያችንም፣ ደብተሬን ለምትዋሰኝ ሁሉ እሺ እላለሁ። ለእናቴ ደግሞ እንቢ ብያት አላውቅም። ያን ቀን፣ «አልተውም፣ እማ» አልኳት። ደግሜም አልኳት።

ከዚያ አይከል ደወልኩ። ያን ታኮ በመንቀሌ ፎዚያን ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ጠየቅኋት። ከጀርባዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል።

«አብዱን እወደው ነበር» አለች። «ይህን ለማንም አልነገርኩም። አባባ አውቋል መሰለኝ፤ ለዚህ ነው ሁለተኛ ያንን ቀልድ ያልቀለደው።» ከዚያ የአስተማሪ ድምፅዋ ተመለሰ። «የምትሠሪው ከሆነ በቅጡ ሥሪው። እኔ ከፍዬበታለሁ።»

በቅጡ መሥራት ግን ቀላል አይደለም። አባባ በሦስት ምት የሚጨርሰውን እኔ በአሥራ አንድ ምት ነው የማበላሸው። ክር ሲወጥር የት ላይ ማቆም እንዳለበት ጣቱ ያውቅ ነበር፣ ያ እውቀት አብሮት ተቀበረ፤ እሱ ሲሠራ እያየሁ ሳልማር ያለፉኝን ቀኖች ማን ይመልስልኛል? የእህቴንም ቤት፣ ያልተወለዱትንም የእህቴን ልጆች፣ በአንድ ጥንድ ጫማ አልተካቸውም። ሰፈሩ ፋቂ ናት ይበለኝ፤ ሥራው ያ ከሆነ ስሙም ያው ነው። ትናንት ከሰዓት የጥቁሩን ጫማ ታኮ ደረጃው ላይ ተቀምጬ መታሁት፤ ስንዱ ዓይኗን አጥብባ አየችውና ወደ ግራ ጠሟል አለች። እውነቷን ነው። ነቀልኩትና እንደገና መምታት ጀመርኩ።