ብቸኛ ሰው ያልተገኘበት ሕንፃ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚወራው፣ እትዬ እንግዳወርቅ በስተርጅና ፈረንጅ ፕሮፌሰር አገቡ ተብሎ ነው። ወሬውን የጀመረችው ሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ ቆማ ሰው ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ሴት ናት ይባላል፤ ሁለቱን በአንድ መኪና አይታለች። በማግስቱ ወሬው ወንዙን ተሻግሮ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድርያ ገባ፤ እዚያ ሲደርስ ቀለበት ተጨምሮለት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሠርጉ ላይ በላሁ የሚል ሰውም አልጠፋም። ክትፎው ጨው በዝቶበት ነበር አሉ።

ውሸት ነው። እትዬ እንግዳወርቅ ማንንም አላገቡም። ከፕሮፌሰሩ ጋር ያደረጉት ነገር ከዚያ የባሰ ነው፤ ጥናት አጠኑ።

አዲስ አበባ ሳሉ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ የኃላፊ ጸሐፊ ነበሩ። ባለጉዳይ ሲመጣ ቀና ብሎ ማየት ከደረጃቸው የሚያወርዳቸው ይመስላቸው ስለነበር፣ "ስብሰባ ላይ ናቸው" የሚሉት አንገታቸውን እንደደፉ ነው። ልጃቸው ሄለን የመኖሪያ ወረቀታቸውን ፕሮሰስ አድርጋ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ስታመጣቸው ይሄን አመል ከሻንጣው ጋር ይዘውት መጡ። ሕንፃውን ናቁ። ምንጣፉን ናቁ። ከታች የሚቀመጠውን ጥበቃ፣ እሱንማ ከሁሉ በላይ ናቁ፣ ሲያዩት ስለማይነሳ። ሰባተኛ ፎቅ ወጥተው አፓርታማውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣

"ይሄ ነው አሜሪካ የምትሉት?" አሉ። "የኛ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከዚህ ይሰፋል።"

ሄለን ሻንጣውን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ጠዋት አሌክሳንድርያ ባለ ሆቴል ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ትጦራለች። ልብ በሉ፤ የሰው እናት ብቻዋን እንዳትውል ብላ የራሷን እናት ብቻቸውን ትታ ትሄዳለች። እንዲህ ያለውን ነገር ያመጣው ሥርዓት ደግሞ ራሱን ሥልጣኔ ብሎ ይጠራል። የልጅ ልጃቸው ሳሌም ከትምህርት ቤት የምትመጣው ጆሮዋ ላይ ገመድ ሰክታ ነው። "ሳሌምዬ፣ ምን ላቅርብልሽ?" ሲሏት "አይም ጉድ፣ ግራንማ" ትልና፣ ምንም አልፈልግም ማለቷ ነው፣ ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች።

እትዬ እንግዳወርቅ እንግዲህ ከቴሌቪዥኑ ጋር ቀሩ። ቴሌቪዥኑንም ይንቁታል። ክረምት ሲገባና ወደ ውጭ መውጣት ሲያቅታቸው አንድ ዘዴ አበጁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ሊፍቱ ውስጥ ይገባሉ። የሚገባው ሰው "የትኛው ፎቅ?" ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም ይመልሱለታል። ይደርሳሉ። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቀጥሎ የሚገባው ሰውም ይጠይቃቸዋል። ከሰው ጋር ሲጫወቱ የሚውሉት እንዲህ ነው።

አንድ ቀን እዚያው ሊፍት ውስጥ አቶ ፀሐዩን አገኙ። አቶ ፀሐዩ ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጎንደር መምህር ናቸው፤ ልጃቸው ይስሐቅ ታክሲ ይነዳል። ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈዋል።

"ወዴት ነው፣ ወይዘሮ እንግዳወርቅ?"

"ቀጠሮ አለኝ። እርስዎስ?"

"እኔም ቸኩያለሁ።"

ታች ደረሱ። በሩ ተከፈተ። ሁለቱም አልወረዱም። በሩ ተዘጋና ተያይዘው ወደ ላይ ወጡ።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ክፍል ዙሪያ ነው። ሕንፃው ምድር ቤት ውስጥ ፓርቲ ሩም የሚሉት፣ ወንበርና ማጠቢያ ያለው ሰፊ ክፍል አለ፤ ሁልጊዜ እንደተቆለፈ ነው። የሕንፃው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የፈለጉት እሱን ብቻ ነበር፤ ቀን ቀን ከፍተው አብረው የሚቀመጡበት። የሕንፃው ማኔጀር ደግሞ አሻፈረኝ አለች። አንድ ሰው ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? ኃላፊነት የሚወስድ ድርጅት አምጡና እከፍታለሁ አለቻቸው። ድርጅት ከየት ይመጣል? የእኛ ሰው ድርጅት ሲያቋቁም ገና ሊቀ መንበሩን ሳይመርጥ ለሁለት ይከፈላል።

በዚህ መሐል፣ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009፣ ዩኒቨርሲቲው ወደ ሕዝቡ ወረደ። ሕዝቡ እስከዚያ ድረስ የት እንደነበረ የጠፋበት ይመስል፣ ካርታ ይዞ መጣ። ስሙን አንጠራም፤ በዚህ አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ሞልቷል፤ የፈለጋችሁትን ጠርጥሩ። ፕሮፌሰሩ ረጅም፣ ጫማው የመሮጫ፣ ፈገግታው የማይነቀል ሰው ነው። አዳራሽ ተከራይቶ ፒዛ አቀረበና፣ ከሌላ አገር የመጡ አረጋውያን ብቸኝነት ከባድ የጤና ችግር መሆኑን አስረዳ። ፒዛው በጾም ቀን ሥጋ ነበረበት። ሕዝቡ ፒዛውን ትቶ ማስታወቂያ የተጻፈባቸውን የጨርቅ ቦርሳዎች ይዞ ተነሳ፤ አንዳንዱ ሦስት ሦስት።

እትዬ እንግዳወርቅ ግን ቁጭ ብለው አዳመጡ። ሲያልቅ ወደ ፊት ሄደው፣ በሄለን አስተርጓሚነት ስለ ክፍሉ ጠየቁት። ፕሮፌሰሩ ዓይኑ በራ። ጥናቱ ችግሩ መኖሩን ካሳየ፣ ዩኒቨርሲቲው ስፖንሰር ይሆናል፣ ኃላፊነቱንም ይወስዳል፣ ክፍሉም ይከፈታል አለ። መጀመሪያ ግን ዳታ ያስፈልጋል። ቤት ለቤት የሚያዞረው የተከበረ ሰውም ያስፈልጋል።

የተከበረ ሰው ሲባል እትዬ እንግዳወርቅ ወደ ኋላቸው አልዞሩም።

መጠይቁን የያዘችው ሃኒ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ የተሰባበረ፣ ልቧ ግን ንጹሕ የሆነ ልጅ። መቼ እንደምትመጣ ጠየቀቻቸው።

"ሥራ ቀን ይሻላል፣ አይደል እትዬ? ቀን ላይ፣ ብቻ ሲሆኑ?"

"ምን? ቤቱ ባልተሰናዳበት?" አሉ እትዬ እንግዳወርቅ። "ገመናችንን ልታዪ ነው የምትመጪው? እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።"

ቅዳሜ ስልክ ያዙ። ከቤት ቤት ደወሉ። "ነገ ከዩኒቨርሲቲ ይመጡባችኋል። ልጆቻችሁን ሰብስቡ። ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳያገኙት። ፊታችሁን አጨፍግጋችሁ እንዳታዋርዱን።"

አቶ ፀሐዩ ግራ ገባቸው። "ወይዘሮ እንግዳወርቅ፣ ብቸኞች ነን ልንል አይደለም እንዴ?"

"እንላለን። ግን በክብር።"

ይሄ እንዴት እንደሚባል የገባው ሰው አልነበረም። ክብሩን ግን ሁሉም ያውቅበታል።

አቶ ፀሐዩ ቤት የሆነውን ያየ ሰው ሰርግ ነው ይል ነበር። ይስሐቅ ታክሲውን አቁሟል። ሚስቱ ዶሮውን ስትሠራ አድራለች። ቤቱ ባዶ እንዳይመስል አማቶቹን ከአሌክሳንድርያ ጠርቷል፣ አማቶቹ ደግሞ ጎረቤታቸውን አስከትለዋል። ፕሮፌሰሩ ራሱ መጥቶ ነበር፤ በሰሐን ላይ ሰሐን ሲቀርብለት፣ አማትየዋ በእጃቸው ሲያጎርሱት፣ ካሜራውን አወጣና እየተጣደፈ ፎቶ ያነሳ ጀመር። ሃኒ ከአቶ ፀሐዩ ጎን ተቀምጣ ጠየቀች።

"ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ብቸኝነት ተሰማህ?"

አማትየዋ አማተቡ።

"'ተሰማዎት' በይ፣ አንቺ ልጅ!" አሉ እትዬ እንግዳወርቅ። "የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ትባያለሽ!"

"ሶሪ፣ ሶሪ። ተሰማዎት።"

አቶ ፀሐዩ ልጃቸውን አዩ። ይስሐቅ ማንኪያ እንደያዘ ቆሟል፤ እንቅልፍ ያላየ ዓይኑ ቀልቷል።

"እኔ?" አሉ አቶ ፀሐዩ። "ልጄ እያለልኝ? በፍጹም!"

"የሚጎድልዎት ነገርስ?"

"ምን ይጎድለኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ፕሮፌሰሩ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀ። እትዬ እንግዳወርቅ ፈጠን ብለው፣ "በርበሬው ነው በዪው" አሏት ሃኒን። ሃኒም ተረጎመች።

ከዚያ በኋላ ያለውም ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። በየቤቱ ወጥ አለ፣ በየቤቱ ልጅ አለ፣ በየቤቱ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። አንዲት አሮጊት ወገቤን ያመኛል ልትል ጀምራ፣ ልጇ ቀና ሲል ወደ አየሩ ሁኔታ ዞረች።

በመጨረሻ ተራው የእትዬ እንግዳወርቅ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ሊናገሩ ያሰቡት። ሌሊቱን ሲያሰናዱት አድረዋል፤ ሊፍቱን እንኳ ሊያነሱት ነበር። ሄለን ከጎናቸው ተቀመጠች። የሆቴሉን ዩኒፎርም አውልቃ ቀሚስ ለብሳለች፣ እጇ ግን በሳሙናው እንደ ተላጠ ነው። ሃኒ ጥያቄውን አነበበች። እትዬ እንግዳወርቅ አፋቸውን ከፈቱ። ሄለን ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች፤ ፈተና ላይ የተቀመጠች ትመስላለች።

"ብቸኝነት?" አሉ። "ምን ጊዜ አለኝና? ቀኑ አይበቃኝም።"

ሄለን ትንፋሿን ለቀቀች። ፊቷ እንዲህ ሲበራ ካዩ ብዙ ጊዜያቸው ነበር። ሃኒ ጻፈች።

ሊፍቱ በር ላይ ሲሸኟት ሃኒ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እትዬ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው? ማለቴ... የኔም አያት እንደዚህ ትላለች፣ ግን..."

"ውሸታሞች ናችሁ ልትይኝ ነው?"

"ኖ! ኧረ አይደለም።"

"እንግዲያውስ ደህና ግቢ።"

ሃኒ ጥርጣሬዋን ለፕሮፌሰሩ ሳትነግረው አልቀረችም አሉ። እሱም የተጠኚዎቹን ድምፅ ማክበር አለብን፣ በእነሱ ቦታ ሆነን መናገር አንችልም ብሎ መለሰላት። ሰውን ላለመስማት እንደዚህ ያለ የተከበረ ምክንያት የሚገኘው እንግዲህ ብዙ ከተማሩ በኋላ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ። አቶ ፀሐዩ በዚህ መሐል ጉልበታቸው ከዳቸውና ከሊፍቱ ጠፉ። እትዬ እንግዳወርቅ ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ማኔጀሯን ባዩ ቁጥር "ዩኒቨርሲቲ! ሱን!" ይሏታል፣ በቅርቡ ለማለት፣ ጣታቸውን እየነቀነቁ። ማኔጀሯም ፈገግ ትላለች።

በመጨረሻ የጥሪ ወረቀት መጣ። ፕሮፌሰሩ ራሱ መኪናውን ይዞ መጥቶ ወሰዳቸው፤ ግሮሰሪው በር ላይ ያለችው ሴት ያየቻቸውም ያኔ ነው። አዳራሹ ውስጥ አበባ አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ሹማምንት አሉ፣ የሕንፃው ሰው ከነልጆቹ አለ። ግድግዳው ላይ የአቶ ፀሐዩ ገበታ ፎቶ በትልቁ ተለጥፏል፤ ዶሮው፣ አማቶቹ፣ የአማቶቹ ጎረቤት ጭምር።

ፕሮፌሰሩ ወጥቶ ተናገረ። ከተጠኑት ማኅበረሰቦች ሁሉ የኢትዮጵያውያን አረጋውያን ብቸኝነት ዝቅተኛው ነው አለ። የቤተሰብ ትስስራቸው ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ምዕራፍ ከእነሱ መማር ነው፤ አንድ መጽሔት ይዘጋጃል፣ ለሌሎች ሕዝቦች ይታደላል። ክፍሉስ? ክፍሉን አላነሳውም። ችግር ለሌለበት ሰው ክፍል ምን ያደርግለታል?

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው የእኛ ሰው ነው። ይስሐቅ ፎቶው ሥር ቆሞ ራሱን ፎቶ አነሳ። አንደኛ ወጣን ተባባሉ። በምን አንደኛ እንደወጣን የጠየቀ የለም።

እትዬ እንግዳወርቅን ወደ መድረኩ ጠሩና የምስክር ወረቀት ሰጧቸው፣ አንድ የጨርቅ ቦርሳም ጨመሩላቸው። ፕሮፌሰሩ ጥቂት ቃል እንዲናገሩ ጋበዛቸው። ሃኒ ልትተረጉም ማይክ ይዛ ከጎናቸው ቆመች። ሄለን ከፊተኛው ረድፍ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ ትቀርጻለች።

"ክፍሏ አትከፈትም ማለት ነው?" አሉ በአማርኛ።

ሃኒ ጠየቀችው። ፕሮፌሰሩ ማብራሪያውን ጀመረ፤ ዳታው እንደማይደግፈው፣ ስፖንሰርነቱም ችግሩ ላለባቸው ማኅበረሰቦች እንደሚሄድ። እትዬ እንግዳወርቅ እንደ ድሮው አንገታቸውን ደፍተው አስጨረሱት። ከዚያ ቀና አሉ፤ ፕሮፌሰሩን አዩት፣ ሹማምንቱን አዩ፣ ይስሐቅን አዩት፣ መጨረሻ ላይ ሄለንን አዩዋት።

"እሺ፣ እኛ ዋሸን" አሉ። "እናንተ አገር ልጁ ፊት ቁጭ ብሎ ብቻዬን ቀረሁ የሚል ወላጅ አለ?"

ሃኒ ሳትተረጉም ማይኩን ዝቅ አደረገች።