የአማቷ ድንጋይ

ታላቅ እህቴ እንደገና "ወደቅሁ" ስትል ቀኝ እጇ ተሰብሮ ነበር። መጀመሪያ ጭቃ አንሸራትቷት ነው፤ ቀጥሎ የበር ደፍ አደናቅፏት። አሁን ደግሞ አራዳ ከባሏ ጋር የተከራዩት ቤት ደረጃ ጥሏት ነው አለች። ያንን ቤት አውቀዋለሁ። ደረጃ ቢሉት ሁለት እርከን ነው፣ ዶሮም ትዘለዋለች። ያያት ሐኪም አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አገኘ። መሬት ሰው ይሰብራል እንጂ አያንቅም። ከሆስፒታሉ እንደወጣሁ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

መርማሪዋ ደግ ሴት ነበረች። ባልየውን አስጠርታ ያዘችው፤ ከዚያ እህቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ደጋግማ ጠየቀቻት።

"ወድቄ ነው" አለች እህቴ ግድግዳውን እያየች። "በቁርባን ያገባሁትን ባሌን ምን አድርጊው ትይኛለሽ?"

መርማሪዋ ወደ ውጭ አውጥታ ነገረችኝ። የተጎዳችው ካልተናገረች፣ የሚመሰክርም ካልተገኘ ሰውየውን ይዛ ማቆየት አትችልም። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሲያበቃ ይለቀቃል፤ እህቴም ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። በሚቀጥለው ጊዜ ቀብሯ ላይ እንደምቆም ታወቀኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ወይ ፍንክች!

ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ቤት በሰነበተችበት ወቅት አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ከአይከል አካባቢ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እርሻ ያጎበጣቸው ገበሬ ናቸው። ደጃፌ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ። በእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ሆኖ ከመጣ እምቢ አይባልም። እህቴ ጎንበስ ብላ በግራ እጇ ድንጋዩን አወረደችላቸው።

"ይቅር ብያለሁ፣ አያ። ይነሱ።"

ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔ ብቻ ጥግ ይዤ ተንገበገብኩ።

ነገሩ የገባኝ ከሸኘናቸው በኋላ ነው። ራሷ ለወደቀች ሴት ድንጋይ የሚሸከም ማን ነው? እየሮጥኩ ሄጄ ለመርማሪዋ ነገርኳት። አዛውንቱን መናኸሪያ ሳይደርሱ አስጠራቻቸው።

"አባቴ፣ ድንጋዩን ለምን ተሸከሙ?"

"ልጄ መቷት ነዋ። አገር ቤት ሳሉም እኔው ነኝ ከእጁ ያስጣልኋት። ምነው፣ ሳይበድሉ ይቅርታ ይጠየቃል እንዴ?"

ምንም አልደበቁም። እርቅ የወረደበት ነገር ያለቀለት መስሏቸው ነበር። ቃላቸው ሲጻፍ ነው ፊታቸው የተለወጠው፤ ግን አንዴ ከአፋቸው ወጥቷል። አሳዘኑኝ፤ ሆኖም ዝም ቢሉልኝ ብዬ አልተመኘሁም።

ባልየው ሳይለቀቅ ቀረ። እህቴ ይህን ስትሰማ ልብሷን ሰብስባ ከቤቴ ወጣች።

"በሽማግሌ እርቅ አሳሰርሽው" አለችኝ። "ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።"

ስልክ ብደውል አታነሳም። በሕይወት መኖሯን እያሰብኩ ልጽናና እሞክራለሁ፤ አልሆነልኝም። ቢሮ ተቀምጬ ሰው ሲያናግረኝ እንባዬ ይቀድመኛል።

አንድ ጠዋት ቃሌን ለመስጠት ጣቢያ ስሄድ በሩ ላይ አገኘኋት። ለእሱ ስንቅ ይዛ ቆማለች። ደሜ ፈላ። ለእስረኛ የሚገባ ምግብ አምጪው ሳይቀምሰው አያልፍምና ጠባቂው "ቅመሺው" አላት። ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሯል፤ በግራዋ ሳህኑን ይዛለች። ወደ እኔ አላየችም። ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ተጠጋሁና ከዚያ ሰውዬ ቁርስ ቆርሼ ወደ አፏ ዘረጋሁላት። ቆይታ ጎረሰችልኝ፤ እያኘከችም ማልቀስ ጀመረች።

"በቃ፣ ይለፍ" አለ ጠባቂው።