ፀሐይ ሳትጠልቅ የተነገረ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ በዚያ ክረምት፣ በእጄ የነበረው ሀብት አሥራ ዘጠኝ ፍየል ነበር። ጠዋት ከበረት ሲወጡ እኔ እቆጥራለሁ፤ ማታ ሲገቡ አያቴ በሩ ላይ ቆመው በከዘራቸው ጫፍ ጀርባ ጀርባቸውን እየነኩ ይቆጥራሉ። የጠዋቱና የማታው ቁጥር ካልተገናኘ ለእኔ እራት የለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቆጥሬአለሁ፤ የማሽላ ጆንያም፣ የቤት ቆርቆሮም፣ የልጅ ልጅም። መቁጠር የተማርኩት ግን ከዚያ በር ላይ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ቆቦ ወዳለው ደብራችን አንድ ወጣት ዲያቆን መጣ። ይልማ ይባላል። ከካህናት ማሠልጠኛ ለክረምቱ ልምምድ የላኩት ነበር። ሥራው ልጆችን ማስተማር፣ አጸዱን ማስጸዳት፣ ችግኝ ማስተከል፣ ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ሙልሙል አሰባስቦ ለአቅመ ደካሞች ማዳረስ ነው። በየቀኑ ስንት ልጅ እንደመጣ በደብተር ይጽፋል፤ ክረምቱ ሲያልቅ ለላኪዎቹ ሊያሳይ። ገና በመጀመሪያው ቀን ወደድኩት። እሱም እንደኔ ይቆጥር ነበር።

ያን ቀን ሠላሳ አንድ ነበርን። በዘጠኝ ሰዓት፣ የራያ ፀሐይ ገና መሬቱን ስታንቀለቅለው፣ ከግቢው ዋርካ ሥር አስቀመጠንና እጁን አጨብጭቦ «ተረት ተረት!» አለ።

አንድም ልጅ «የመሠረት» አላለም።

«ምነው? እናንተ ዘንድ ተረት የለም እንዴ?»

«አለ» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ፣ «ግን ፀሐይ አለ እኮ።»

«ፀሐይ ቢኖርስ?»

«በቀን ተረት ያወራ ከብቱ ይጠፋል።»

ይልማ ሳቀ። «ኧረ እኔ ከብት የለኝም!»

«እኛ አለን!» አልነው ባንድ አፍ።

የከተማ ልጅ ስለሆነ አልፈርድበትም። በእኛ አገር ተረት የሚነገረው ፀሐይ ገብታ፣ የማሽላ አገዳው እሳት ተንበልብሎ ካለቀ በኋላ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ ሲቀላ ብቻ ነው። አያቴም ከዚያ በፊት አፋቸውን አይከፍቱም ነበር። ያኔ እኔ ከጭሱና ከድካሙ የተነሣ ዓይኔ ይከደናል፤ ስለዚህ በዚያ ዕድሜዬ የብዙ ተረት መጀመሪያ አውቅ ነበር እንጂ መጨረሻውን የማውቀው አንድም ተረት አልነበረኝም። ሰው በቀን፣ ነቅቼ ሳለሁ፣ ተረት ሊነግረኝ መጣ ሲባል ከፍርሃቱ ይልቅ ጉጉቱ በለጠብኝ።

ማታ ለአያቴ ነገርኳቸው። ጢማቸውን አሻሹ።

«ሂጂ» አሉ፣ «ፍየሎቹን ከአጥሩ ውጭ እያሰማራሽ ስሚ። አንዲት ከጎደለች ግን ክረምቱን ሙሉ እዚያ ግቢ እግርሽ አይደርስም።»

«ከአሥራ ዘጠኙ አንዲት?»

«ከአሥራ ዘጠኙ አንዲት።»

ስድስት ቀን ስድስት ተረት ሰማሁ። በየማታው አያቴ ሲቆጥሩ ትንፋሼን እውጣለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ። ነገሩ እውነት ይሁን ውሸት ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ ተረቱ ሲረዝም ፍየሎቹ ራቅ ይሉ እንደሆነ፣ የጅብ ተረት ከጦጣ ተረት የባሰ ይሆን እንደሆነ እያልኩ እመረምር ነበር።

በሰባተኛው ማታ አያቴ ቆጥረው ጨረሱና ከዘራቸውን አየር ላይ አቆሙት። እንደገና ቆጠሩ።

«ሃያ!» አሉ። «ተረቱ ያረባል እንጂ አያጠፋም ለካ!»

እሳቸው ሲስቁ እኔ ጆሮዋ የተበሳውን ፍየል አየሁ። የዘሃራ ናት።

ዘሃራ የጎረቤታችን የአቶ ሰይድ ልጅ ነበረች፤ አሥራ ሁለት ፍየል ትጠብቃለች። ሙስሊም ስለሆነች ግቢው ውስጥ አትገባም፤ ግን በየቀኑ ከቅንጭቡ አጥር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ተረቱን እስከ መጨረሻ ትሰማ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። እሷ ስትሰማ አንዷ ፍየሏ ከእኔዎቹ ጋር ተቀላቅላ መጥታለች ማለት ነው።

ከመንገዱ ማዶ ድምፅዋ ተሰማኝ። እያለቀሰች ትቆጥራለች፤ አሥራ አንድ ትደርስና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ዝም ብል እሷ ልትገረፍ ነው። ብናገር ደግሞ የቀን ተረት ከብት ማጥፋቱን በራሴ አፍ መመስከሬ ነው፤ ግቢው ይዘጋብኛል። የሷን ቁጥር እስከ አሥራ አንድ ሦስት ጊዜ ሰማሁና ተናገርኩ።

«እንግዲያው ተረቱ ከብት አጠፋ» አሉ አያቴ።

«የእኛን አላጠፋም፣ አባባ። ውላችን በእርስዎ አሥራ ዘጠኝ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ገበያ ብትወጪ ቆቦን ከነሰዉ ትሸጫታለሽ» አሉና ፍየሏን እንዳስከትል በዓይናቸው አመለከቱኝ።

አቶ ሰይድ ፍየሏን ሲያዩ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው አያቴን ሳሙ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እንዴት ጠፋችብሽ?»

«ተረት ስሰማ።»

«በቀን?»

«በቀን።»

«ወላሂ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አይደለም የከፋኝ» አሉ ለአያቴ፣ «ተረት የማንም ቢሆን ተረት ነው። ግን በጠራራ ፀሐይ!»

አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ነበሩ። ከማግስቱ ጀምሮ የዘሃራ ፍየሎች ከወንዙ ማዶ ተሰማሩ። እኔ ግን በውሌ መሠረት ዋርካው ሥር ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ዘሃራን የማገኛት ቦኖው ላይ ነበር። ጀሪካኖቹ እንደ ግመል ቅፍለት ተሰልፈው ሲጠብቁ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ ትልና «ዛሬ ምን አወራ?» ትለኛለች። የመጀመሪያውን በነጻ ነገርኳት። በሁለተኛው ቀን የእሷ ጀሪካን ከእኔው በስድስት ቀድሞ እንደቆመ አየሁ።

«ወረፋሽን ስጪኝና ልንገርሽ።»

«ኧረ አንቺ! ተረት ይሸጣል?»

«መጨረሻውን ካልፈለግሽ ተዪው።»

ሰጠችኝ። እንዲህ እያልኩ ስምንት ተረት በስምንት ወረፋ ሸጥኩላት።

ዘጠነኛው፣ ጥላውን ማስከፈል የጀመረ ዋርካ ተረት ነበር። መንገደኛው ሁሉ ለጥላው ክፈል ሲባል በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ፤ ወፎቹም ጎጇቸውን አነሡ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ መጣ። እዚህ ላይ አቆምኩ።

«ከዚያስ?»

«ወረፋሽን።»

«ዛሬ እናቴ አሟታል፤ ውሃው ቶሎ ይፈለጋል።»

«እንግዲያው ነገ።»

በማግስቱ አልመጣችም። እናቷን ለማስታመም ዋጃ፣ አክስቷ ዘንድ፣ ጠቅልለው ሄደዋል ተባለ። ይልማም ደብተሩን ዘግቶ በጳጉሜ ተመለሰ፤ ዘሃራ በቁጥሩ ውስጥ አልነበረችም።

የዋርካው ተረት መጨረሻ አጭር ነው። ባለ መጥረቢያው ዛፉን ከመቁረጡ በፊት ዙሪያውን አየ፤ «ተው፣ መጠለያችን ነው» የሚል አንድም ሰው አላገኘም። ያኔ ይህን በልቤ ይዤ ቦኖ ላይ ስደራደር፣ ስለ ማን እንደሚያወራ አልገባኝም ነበር።

በኋላ ማሽላ ነጋዴ ሆኜ ዋጃ ገበያ ብዙ ጊዜ ወርጃለሁ። ዘሃራ የሚባሉ አምስት ሴቶች አገኘሁ፤ አምስቱንም በልጅነታቸው ቆቦ ኖረው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አልኖሩም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከይልማ ሃያ ሁለት ተረት እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ ይህ ንጹሕ ትርፍ ነው። ከዘሃራ ስምንት ወረፋ አገኘሁ፤ ውሃው በዚያው ሳምንት ተጠጥቶ አልቋል። ኪሳራው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጆቼ በልጅነታቸው ያን ተረት አውሪልን ሲሉኝ በቀንም በማታም፣ በነጻም አወራላቸው ነበር፤ ለእሷ የሚገባው ግን በዚያ አይካካስም።