መንታዋ ጨንቻ ናት

ቆላው ሲቀላ፣ መናኸሪያ በር ላይ፣ አንዲት ሴት ከደጋው ከጨንቻ የሚመጣ አፕል ትሸጣለች። ሙቀቱ አስፋልቱን ሊያቀልጥ ሲደርስ እንኳ የደጋ ሹራቧን አታወልቅም። እያንዳንዱን አፕል በእጅጌዋ ትጠርግና ጠባሳ ካለው ጠባሳውን ወደ ገዢው አዙራ ትደረድራለች።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሲያዛጉብኝ የሚሰማኝ ሰው ፍለጋ ገበያ እወጣለሁ። ትናንት ተራው የእሷ ሆነ።

«እማማ፣ ጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንደሚፈጥን ያውቃሉ?» አልኳት። ሳተላይት ላይ ያለው ሰዓት በየቀኑ ከምድሩ ሰዓት በጥቂቱ እንደሚቀድም፣ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብም ይህን ፈተና እንዳለፈ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳኋት። «ስለዚህ ጨንቻ ያለ ሰው ሲቀላ ካለው ቀድሞ ያረጃል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም እንጂ» ብዬ በኩራት ደመደምኩ።

አንድ አፕል አንስታ ጠረገች።

«እኔ መንታ አለኝ» አለች። «እሷ እዚያው ጨንቻ ቀረች፣ እኔ አግብቼ ወደዚህ ወረድኩ። አሁን አብረን ስንሄድ ያየን ሰው እናትና ልጅ ናችሁ ይለናል። እናትየዋ እኔ ነኝ።»

«ለመሆኑ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። «እማማ» ያልኳትም እኔው ነኝ።

ጠባሳውን ወደ እኔ አዙራ አፕሉን አቀበለችኝ።

«መምህር፣ እነዚያ ሰማዩን የለኩት ሰዎች ሲቀላንም ለክተውታል?»