ዋና ያልተማረችው የጣና ዳር ሴት

ሙሉነሽ የመራዊ ከተማ ልጅ ናት። ባሕር ዳር መጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ተቀጠረች፤ የዘጌውን ሀዲስን አግብታ ጣና አጠገብ ልጆች አሳደገች። ማንበብ ትወዳለች። አዲስ አበባ የሚታተም አንድ የሴቶች መጽሔት «የጽሑፍ ሐሳብ ያላችሁ ላኩልን» ብሎ ሲያስነግር፣ እሷን የጠራት ያህል ተሰማት። ሐሳቧን በጥቂት መስመር ጽፋ ላከች።

በሳምንቱ የመጽሔቱ አዘጋጅ ብሩክ ደወለላት።

«ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ከባሕር ዳር የጠበቅኩት ስለ ገዳማቱ ነበር።»

«ስለ ገዳማቱ የሚጽፍ ሞልቷል» አለችው። «የእኔ ስለ ሴቶቹ ነው። ሐይቁ ዳር እንኖራለን፣ ለንግሥ በጀልባ ዘጌ እንሻገራለን። ዋና የምታውቅ ግን ከመካከላችን ፈልገው አያገኙም። የሥራ ባልደረቦቼን ጠይቄያለሁ። አንዷን እናቷ ውኃ እንዳትገባ አስምላታለች፤ ሌላዋ ምን ለብሼ ልግባ ትላለች።»

ብሩክ ነገሩን ወደ እሷው አዞረው።

«እርስዎስ ይዋኛሉ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ይማሩና ይጻፉት።»

ቅር አላላትም፤ እውነቱን ነው ስትል አሰበች። ማታ ነገሩን ለሀዲስ አጫወተችው። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ዋናተኛ ነው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተስ ለምን አላስተማርኸኝም?»

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከከተማው ወጣ ወዳለ ጭር ያለ ዳርቻ መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ በቀሚስ ገባችና እግሯን ተበተባት፤ በሚቀጥለው ሱሪ ለብሳ መጣች። ውኃ ጠጣች፣ አሳላት፣ የሀዲስን አንገት አንቃ «ልቀቂኝ እንጂ፣ ሁለታችንም መስጠማችን ነው» አሰኘችው። እንዲህ እንዲህ ስትል አንድ ጧት ውኃው ተሸከማት። ጆሮዋ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሩቅ ጀልባ ሞተር ይሰማታል። ዞር ብላ ስታይ ሀዲስ የደገፈበትን እጁን ከሥሯ ካነሣ ቆይቷል። ከጥቂት እሑዶች በኋላ ዳርቻው ላይ ካለው ድንጋይ እስከ ጀልባ ማሰሪያው ድረስ ብቻዋን ዋኘች።

ከዚያ በኋላ መጻፉ አላስቸገራትም። ብሩክ አንብቦ ደወለ።

«ጥሩ ነው። መጨረሻው ግን ትንሽ አነሰብኝ። የዋኙት ከድንጋዩ እስከ ጀልባ ማሰሪያው ብቻ ነው።»

«የዋኘሁት እሱን ነው፤ ሌላ አልጨምርም። ርእሱንም እንዳይነኩብኝ።»

ሳቀና እንዳለ አወጣው።

መጽሔቱ ፋብሪካው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ፤ የፈትል ክፍል ሴቶች ዳርቻው የት እንደሆነ ይጠይቋት ጀመር። መጽሔቱ ቤት ሲደርስ ሀዲስ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረና መካከል ላይ አቆመ።

«እዚህ ላይ ሳቀብኝ ብለሻል። አልሳቅሁም።»

«ስቀሃል።»

«ፈገግ ነው ያልሁት።»

«እንግዲህ አንተም ለአዘጋጁ ጻፍለት» አለችው፤ የሚቀጥለውን ሐሳቧን ለመላክ ስልኳን እያነሣች።